የድሮ የመዝሙርና የዜማ መማሪያ መጻሕፍትን ለቆራሌው አትስጡብን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ብራና መጻሕፍት ስርቆትና ጥገና በየጊዜው ስታወጡ አነባለሁ፣ ደስ ይላል ቀጥሉበት። ግን በማተሚያ ቤት የታተሙትን የድሮ የመዝሙር መጻሕፍትና የዜማ መማሪያዎች ነገር የሚያነሳ ሰው አላየሁም። እኔ የምሰበስበው እነሱን ነው፣ ሰው ሁሉ ደግሞ "ህትመት እኮ ነው፣ ሌላ ቦታ ኮፒው አይጠፋም" ይለኛል። ይጠፋል! እንደውም ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው፣ ሌላው መጽሐፍ አንዴ ተነቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ የመዝሙር መጽሐፍ ግን በየሳምንቱ ይገለጣል ሰም ይንጠባጠብበታል ልጅ ይማርበታል፣ ሲበጣጠስ አዲስ እትም ይገዛና አሮጌው ወይ ለቆራሌው ወይ ለስኳር መጠቅለያ።

አሜሪካኖቹ ጋ ያለውን እዩት። በ1640 ማሳቹሴትስ ውስጥ የታተመው የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ 1,700 ገደማ ኮፒ ነበረው ይባላል፣ ዛሬ ያለበት የሚታወቀው 11 ብቻ ነው፣ አንዱ በ2013 በጨረታ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። የሚገርመው ያ እትም ኖታ እንኳን የለውም፣ ኖታ የገባው ገና በ1698ቱ እትም ነው።

እኛም እኮ አለን። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ በ1880ዎቹ የኦሮምኛ መዝሙሮችን በግዕዝ ፊደል አሳተመ፣ በ1894 ደግሞ (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ከአስቴር ጋኖ ጋር የንባብ መማሪያ አወጡ፣ እሷ የሰበሰበቻቸው ዘፈኖችና ተረቶችም ገቡበት። ሁለቱም ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው። ወለጋ ያላችሁ እባካችሁ የአያቶቻችሁን ሳጥን አንዴ ፈትሹልኝ፣ ሽፋኑ የወደቀ በፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ካገኛችሁ እንዳትጥሉት።

የቤተ ክርስቲያኑ ዜማም ያው ነው። የድሮ ህትመት የሆነ ድጓ ወይ ጾመ ድጓ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ህዳጉን ነው። የዜማ ምልክቶቹ፣ ይዘቱ ደረቱ ድፋቱ፣ ከፊደሉ በላይ አሉ፣ ግን ተማሪው በእርሳስ የጨመረው ሌላ ነገር ነው። አንዱ እኔ ጋ ያለው ላይ ርክርክ ከሚባለው ምልክት ጎን "እዚህ ቀስ" ይላል፣ ወረድ ብሎ ደግሞ "አሁንም ቀስ"፣ የኔታ እንደተቆጡት ያስታውቃል። ታዲያ ይሄንን መጽሐፍ ለጠራዥ ስትሰጡት ጠርዙን እኩል ላርገው ብሎ በመቁረጫ ይሸልተዋል፣ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ጠርዙን አትንካ ብላችሁ አስጠንቅቁት። ስኮች ፕላስተርም አትለጥፉበት፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይዞት ነው የሚነሳው።

በስቴንስል የተባዙት የትምህርት ቤት መዝሙሮችና የኖታ መማሪያዎችማ ከሁሉም የባሰባቸው ናቸው፣ የተያያዙበት ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። የተወሰኑትን በስጦታ ልስጥ ብዬ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይዤ ብሄድ "ይሄማ ወረቀት ነው፣ መጽሐፍ አምጣ" ተባልኩ። ደራሲ የለው፣ ዓመተ ምህረት የለው፣ እንዴት እንመዝግበው ነው ነገሩ። ገባኝ፣ ግን "ርዕስ አልባ፣ ስቴንስል፣ ይሄን ያህል ገጽ" ብሎ መመዝገብ ምን ይከብዳል?

ከናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በወር አንዴ ጠበብ ያለች ቦታ ስጡንና አንባቢው ቤቱ ያለውን የድሮ የመዝሙር ወይ የዜማ መጽሐፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ መጽሐፉ እሱ ጋ ይቆይ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ በቂ ነው፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ባንዱ ላይ ነው የሚገኘው። ሽፋኑ ከሌለ ከመሃል አንድ ገጽ ይጨመር፣ የፊደሉን ቅርጽ አይቶ የየት ማተሚያ እንደሆነ የሚለይ ሰው አይጠፋም።

አንድ ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ