«ጨጓራ ነው» ከመባሉ በፊት የሽንት ምርመራ ይደረግላት

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሆድ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሴቶችን ይመለከታል

በድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የምጠይቀው አንድ መመሪያ ነው፦ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ማንኛዋም ሴት ሆዷን አሟት ስትመጣ፣ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ከመሄዷ በፊት የእርግዝና የሽንት ምርመራ ይደረግላት።

የምፈራው ከማህፀን ውጪ የሚፈጠር እርግዝናን ነው፤ በአብዛኛው የሚያድገው በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከእርግዝናው 6ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ገና ሆድ የሚባል ነገር ሳይታይ። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ስለሆነ በውጭ የሚታየው ጥቂት ጠብታ ብቻ፣ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። ትከሻዬን ወጋኝ የምትል አለች፤ የሚያስመልሳትና የሚያስቀምጣት አለች፤ «ምግብ ነው» ተብላ ግሉኮስ ይሰቀልላታል። የወጣት ሴት የደም ግፊት ደግሞ ብዙ ደም እስኪፈስ ላይወርድ ስለሚችል፣ ትሪያጅ (ሕመምተኞች እንደ አጣዳፊነታቸው የሚለዩበት ቦታ) ላይ ደህና መስላ ወረፋ ትይዛለች።

«እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ግን ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ፣ መጋረጃ በሌለው አልጋ ላይ። ያላገባች ልጅ ምን ብላ ትመልስ? ያገባችውም ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) ስላስገባች አትጠረጥርም፤ ወይም ሰሞኑን የነጠበውን ደም የወር አበባ አድርጋ ቆጥራዋለች። (ሉፕ እያለ የሚመጣ እርግዝና ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።) ምርመራው በመልሷ ላይ አይንጠልጠል፤ ውጤቱም ለብቻዋ ይነገራት።

ምርመራው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያዘገየው ካርድ፣ ክፍያ፣ ላቦራቶሪ እየተባለ የሚኬደው ዙር ነው። የሽንት መመርመሪያው ስትሪፕ ትሪያጅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሒሳቡ በኋላ ይታሰብ።

እርግዝና የለም ቢባልም ነገሩ አላለቀም። የእንቁላል ዕጢዋ፣ ኦቫሪ የምንለው፣ ሲጠመዘዝ ድንገተኛ የአንድ ጎን ሕመምና ትውከት ያመጣል። በቀኝ ከሆነ ትርፍ አንጀት፣ በግራ ከሆነ የኩላሊት ጠጠር እየተባለ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ዕጢው ግን ደም ተቋርጦበታል። አልትራሳውንድ የሚያነሳ ባለሙያ ሌሊት ከሌለ «ጠዋት ነይ» አይባል፤ የማህፀን ሐኪም ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ በዚያው ሌሊት ይጠራላት።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር ለሚባሉትም አንድ ነገር ልጨምር። ሽንቷ እርግዝና ያሳየና ሆዷን የሚያማት ሴት በባጃጅ አትላክ፤ አምቡላንሱ ለምጥ እንደሚነሣው ይነሣላት፣ ደም እንዲዘጋጅም ተቀባዩ ሆስፒታል ቀድሞ ይደወልለት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ