የቅሬታ ደብዳቤ፦ ለጓሳው ረቡዕ ቃል ስለተገባው የጾም ምግብ

ለጉዞ አዘጋጅ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ያልቀረበ ምግብ ሒሳብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትናንት ከቢሮዎ የደረሰኝ የስልክ መልእክት «ለሚቀጥለው ጉዞዎ 10 በመቶ ቅናሽ አድርገንልዎታል» ይላል። ቅናሽ የጠየቀ ሰው የለም። የረቡዕ ምግብ ሒሳብ እንዲመለስ አራት ጊዜ ተደውሎ፣ አራቱንም ጊዜ «ነገ እንመልስልዎታለን» ተብሎ መጨረሻው ይህ ስለሆነ ነው ይህን መጻፌ። የሰባቱ ቀን ጉዞ መርሐ ግብር በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። የማነሣው ረቡዕን ነው።

ሰኞ ማታ አስተባባሪዎ በስልክ ያረጋገጡልኝ እንዲህ ነበር፦ ከ18ቱ ተጓዦች 11ዱ ጾመኛ ስለሆኑ የጾም ምግቡ ደብረ ብርሃን ተሠርቶ በአገልግል ይጫናል፣ ለ9 ሰዓት መንዝ ደጋ፣ ጓሳ ላይ ይቀርባል፣ እንጀራውም 50 ይሆናል። «በእኔ ይጣሉት» አሉ። 50 የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ለ13 አዋቂ በአንድ ማዕድ አንድ ተኩል፣ ለ5 ልጆች አንድ አንድ ሲታሰብ 24 ተኩል ይመጣል፤ የቀኑና የማታው ሲደመር 49 ነው።

ረቡዕ ከመኪናው የወረደው 28 እንጀራ፣ ጥሬ ድፍን ምስር፣ አንዲት ትንሽ የጋዝ ምድጃና እንቁላል የገባበት ዳቦ ነው። እንጀራው ትኩሱን በፌስታል ታስሮ ስለነበር አልቦት ተጣብቋል፤ ገሚሱ ሲነሣ ተቀደደ። የመንገድ እንጀራ ሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ አይታጠፍም፣ አገልግልም አይገባም። አገልግል የተባለውን ደግሞ ማንም አላየውም።

«ምስሩ እዚሁ ይቀቀላል» ተባለ። ጓሳ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ 89 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ሌሊቱን ያልተዘፈዘፈ ድፍን ምስር፣ ያውም ነፋስ በሚያወላውለው አንድ ምድጃ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላም ውስጡ አልበሰለም። ሽሮ ቢያዝ ኖሮ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ይደርስ ነበር። ሱፍ ፍትፍት ምድጃም አያስፈልገውም። መንዝ የገብስ አገር ነው፤ ሁለት ኪሎ በሶ ከጨው ጋር ቢጫን እንኳ ማንም ጦሙን አያድርም ነበር። ጓሳ ላይ ሮጦ የሚገባበት ምግብ ቤት የለም፤ የተረሳ ነገር መሐል ሜዳ ድረስ ካልተሄደ አይገኝም። ምግቡን ደብረ ብርሃን ላይ አብስላችሁ ጫኑ ያልነውም ለዚሁ ነው።

ይህም ሆኖ ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የተነገረው ነው። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እናት ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። «ልጄ፣ የጾሙ የታለ?» ብለው ጠየቁ። አስተባባሪዎ «እማማ፣ እንቁላሉን አንሥተው ዳቦውን ይብሉ» አሉ። «እንቁላል የነካው እንዴት ሆኖ ይበላል?» ሲሏቸው የሰጡት መልስ «ጾመኛ ከሆኑ እስከ ማታ ቢጾሙት ምን አለበት?» የሚል ነበር። ይህ የተባለው በልጆች ፊት፣ በዚያ ብርድ ላይ ነው። እናታችን አንድ ቃል አልመለሱም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም አሉ። ምግብ መንገድ ላይ ሊጎድል ይችላል፤ እናትን በጾማቸው መዝለፍ ግን ከየትኛውም የመንገድ ችግር ጋር አይገናኝም።

ሌላውን ላልፈው አስቤ ነበር፤ መልእክታችሁ ግን አስታወሰኝ። ሰኞ ማታ ለእራት ቤቱ የተነገረው 10 ሰው ብቻ ነበር። አርብ ደብረ ሲና 9 ሰዓት ስንደርስ በያይነቱ አልቆ ለ11ዱ ጾመኞች እንጀራ በአዋዜ ቀረበ። የደሴ መስመር መንገደኛ ምሳ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ የጾም ቀን ደግሞ በያይነቱ ቀድሞ ያልቃል፤ ጠዋት አንድ ስልክ ደውሎ ማስያዝ ይበቃ ነበር። ቅዳሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ አርብ የተሠራ ወጥ በተከደነ ድስት ተጭኖ ሄደ። በጓሳ ብርድ ቢሆን ያድር ነበር፤ በቆላው ሙቀት ግን ቀትር ሳይሆን ሆምጥጧል። ለአንድ ሰው 3 ሊትር የተባለው ውሃም አንድ ተኩል ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ የጠየቅነው የረቡዕን ሁለት ማዕድ ብቻ ነበር፦ በማዕድ 250 ብር፣ ለ18 ሰው 9,000 ብር። አሁን የአርብ የ11 ሰው ምሳ 2,750 ብር ተጨምሮ 11,750 ብር በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። አስተባባሪዎም ለእናታችን ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ይጠይቁ፤ የጽሑፍ መልእክት አንቀበልም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብም እንዲጠበቅ መብት ሰጥቶታል። በተባለው ጊዜ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከደረሰኙና በእናንተ ማኅተም ከወጣው የምግብ መርሐ ግብር ጋር ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አስገባለሁ። እስከዚያው «የጾም ምግብ የተሟላ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያችሁ ላይ እንድታነሡ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ ተወካይ