ድግምተኛ እስረኛ ሲመጣብዎ ምን ሊያደርጉ ነው?

ለማረሚያ ቤት አስተዳደር ኃላፊ፣
ሐዋሳ

ጌታዬ፣ ደብዳቤዬ ሊያስቅዎ ይችላል። ይሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ወር አክስቴ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ ስትመለስ አንድ ልጅ መንገድ ላይ አስቁሟት አድራሻ ጠየቃት። የተጻፈበት ወረቀትም ዘረጋላት። ከዚያ በኋላ ትዝ የሚላት ባጃጅ ውስጥ መቀመጧ ብቻ ነው። የአንገት ወርቋ የለም፣ ስልኳ የለም፣ ዓሣው ግን እጇ ላይ ነው። «አፍዝ አደንግዝ አድርጎብኝ ነው» አለች። (እኔ ልጁ በወሬ ጠምዶ ያታለላት ይመስለኛል። እሷ ፊት ግን ይሄን ትንፍሽ አልልም።)

ልጁ በሦስተኛው ቀን ተያዘ። አክስቴ ቃሏን ልትሰጥ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የት ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍም። ልጁ እጆቹን በካቴና ወደ ኋላ ታስሯል፣ አፉ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ራሱ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ምነው ብዬ ብጠይቅ ተረኛው ጠጋ ብሎ «ካናገረህ አለቀልህ፣ ቁልፉን ራስህ አውጥተህ ትሰጠዋለህ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

እርግጥ ያ ጣቢያ የእርስዎ አይደለም። ግን ነገ ተፈርዶበት የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው፣ ወሬውም ቀድሞት ይደርሳል።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 29 ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። በአጉል እምነት ወይም በየዋህነት፣ በምንም ተአምር ጉዳት ሊያደርስ በማይችል ዘዴ ወንጀል ለመፈጸም የሞከረ ሰው ከቅጣት ሊድን ይችላል። ጎረቤቱን በመተት እገድላለሁ ብሎ ጥቁር ዶሮ ያረደ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይታይም ማለት ነው። ሕጉ በድግምት አያምንም። ተረኛው ያምናል። እስረኛው ደግሞ ሌት ተቀን የሚውለው ከተረኛው ጋር ነው። ስለዚህ «ድግምት የለም» የሚል ሰርኩላር ቢበትኑ ዋጋ የለውም። እሺ አለ እንበልና እንነጋገር።

በንግግር የሚያፈዝ እስረኛ ቢመጣ አፉን ማሸግ ለምን ያስፈልጋል? ጠባቂዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ቁልፉ ውጭ ሦስተኛ ሰው ጋ ይቀመጥ። ቁልፍ ያልያዘ ሰው ቢፈዝስ ምኑን ይሰጣል? (ዘዴው ጉቦንም ይከላከላል። ብዙ በር የሚከፍተው ድግምት እሱ ነው።) ይሰወራል የሚባል ካለም ሰንሰለት አያስፈልገውም፣ በሩ ሥር ዱቄት ቢነሰነስ ዱካው ይታያል። ክታቡ ያሰጋል ከተባለ ተመዝግቦ በደረሰኝ ይቀመጥና ሲፈታ ይመለስለት። ጸበል ከፈለገ ራሱ ይጠይቅ እንጂ ተኝቶ እያለ በጆግ አይደፋበት።

ጨለማ ክፍል የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከወዲሁ ይርሱት። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ጨለማ ክፍልን ይከለክላሉ፣ ሰውን በቀን ለ22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለብቻው መዝጋትም ከ15 ተከታታይ ቀን እንዳያልፍ ይላሉ። ሕገ መንግሥታችንም አንቀጽ 21 ላይ እስረኛ ከቤተሰቡ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር ይገናኛል ሲል «አስማተኛ ካልሆነ በቀር» የሚል ነገር አልጨመረበትም።

ድሮ እንኳን ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ፣ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሌባሻይ የሚባልም ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ አበቃ። ያኔ ድግምቱ በሕግ አስከባሪው በኩል ነበር። ስንቱ ምስኪን የሰው ዕቃ ከፍሎ ይሆን?

ቅጣቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የወሰደው ወርቅና ስልክ ነው፣ ይመልስ፣ ሌላ አታላይ የሚታሰረውን ያህልም ይታሰር። ስለፈሩት ብቻ አንዲት ቀን አይጨመርበት። ያን ምላስ ይዞ ከሚቀመጥ ደግሞ እስረኞች የሚሠሩትን ወንበርና ሙዳይ ቢሸጥላችሁ ገበያው ይደራል።

ከጣቢያው ልንወጣ ስንል አክስቴ በሩ ላይ ቆም አለች። ስለ ወርቋ ልትጠይቅ መስሎኝ ነበር። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ምሳውን በምኑ ነው የሚበላው?» አለች። ተረኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመለሰላት የለም። እርስዎ ይመልሱላት፤ ዛሬም ምሳ ስታቀርብልኝ እየጠየቀችኝ ነው።