ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ የሚደሙ ልጆች የሕመማቸው ዓይነት ይለይላቸው

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጎንደር የምኖር የላቦራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ ጉዳዬም ቮን ዊልብራንድ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም መፍሰስ ሕመም ነው። ነስሯ አልቆም ያላት ወይም የወር አበባዋ ከሳምንት በላይ የሚፈሳት ልጅ ወደ ሕክምና ስትመጣ፣ የሚደረግላት የደም ቆጠራና የተለመደው የመርጋት ምርመራ ብዙ ጊዜ እንከን ስለማያሳይ «ደምሽ ደኅና ነው» ተብላ የብረት እንክብል ይዛ ትመለሳለች።

ሕመሙ የሚለየው ደም እንዲረጋ የሚረዳው የቮን ዊልብራንድ ፕሮቲን መጠን፣ የፕሮቲኑ የመሥራት አቅምና የፋክተር 8 (የሌላው የደም ማርጊያ ፕሮቲን) መጠን ተለክተው ሲነጻጸሩ ነው። የቮን ዊልብራንድ ፕሮቲን መጠን ከመቶ 30 በታች ከሆነ፣ ወይም የመድማት ታሪክ ባለው ሰው ከ50 በታች ከሆነ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕመሙ እንዳለ ይቀበላል፤ አቅሙ ለመጠኑ ተካፍሎ ከ0.7 በታች ሲመጣ ዓይነት 2 ይጠረጠራል፤ ፕሮቲኑ ጨርሶ ሲጠፋ ዓይነት 3 ይባላል። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ብዙ የዓይነት 1 (ፕሮቲኑ ያነሳቸው) ሕሙማንን የሚረዳው ዴስሞፕሬሲን የተባለ መድኃኒት ለዓይነት 3 አይሠራም፣ ከዓይነት 2 ንዑስ ክፍሎች አንዱ በሆነው በ2ቢ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ፕሌትሌት የተባሉ የደም ሕዋሳት ሊያመናምን ይችላል። ሌላው ንዑስ ክፍል 2ኤን ፋክተር 8 ብቻ ከተለካ ሄሞፊሊያ የተባለውን ሌላ በዘር የሚተላለፍ የደም መፍሰስ ሕመም ይመስላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የናሙናው ጉዞ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት ያለበት ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የናሙና ቱቦ እስከ ምልክቱ ካልሞላ ውጤቱ ይዛባል። ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሳይለይ ደሙ በበረዶ ሳጥን ከተጓዘ ደግሞ፣ ለናሙናው የተሻለ ነው ተብሎ የተደረገው ጥንቃቄ ራሱ ፕሮቲኑን ያወርደውና ጤነኛውን ሰው ታማሚ ያስመስለዋል። ደሙ በክፍል ሙቀት ሊቆይ፣ ፕላዝማው በሴንትሪፊዩጅ (በማሽከርከሪያ መሣሪያ) ሊለይ፣ ከዚያም በረዶ ሆኖ ሳይቀልጥ ሊደርስ ይገባል፤ ይህን ሥርዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እስካለችው አዲስ አበባ ድረስ ጠብቆ መዝለቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ሦስቱ ምርመራዎች እዚሁ ጎንደር ያለማቋረጥ እንዲሰጡ፣ ሪኤጀንታቸውም (የመመርመሪያ ኬሚካላቸውም) ከሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት የግዥ ዕቅድ እንዲካተት እጠይቃለሁ። እርግዝና፣ ሕመምና ድንጋጤ የፕሮቲኑን መጠን ከፍ ስለሚያደርጉት አንድ ጊዜ ደኅና የመጣ ውጤት በሌላ ቀን መደገሙ ግድ ነውና፣ ግዥው ሲሰላ ድጋሚ ምርመራው እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር