ለአቡሽ፦ ሳትፈርም አንብበው

ውድ ወንድሜ አቡሽ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ? የአባባ እግር እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ሰውየው ዘፈኖቼን ግጥሙንም ዜማውንም ጠቅልሎ ሊገዛኝ ነው» ስትለኝ በስልክ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

የምኖርባት ናሽቪል የካንትሪ ሙዚቃ ከተማ ናት። የምሠራበት ሆቴል ብሮድዌይ ጎዳና አጠገብ ስለሆነ ጊታሩ ከጠዋት ጀምሮ ይሰማኛል። በየመጠጥ ቤቱ የሚዘፍኑት ልጆች ገቢያቸው በአብዛኛው ጉርሻ ነው፤ በዘፈንና በዘፈን መሃል አንዷ ባልዲ ይዛ በየጠረጴዛው ትዞራለች። ድምፃቸው ልብ ይሰርቃል። የሚዘፍኑት ግን በብዛት የሌላ ሰው ዘፈን ነው።

ዘፈኖቿን ራሷ የምትደርሰው የካንትሪ ዘፋኝ ዶሊ ፓርተን ወደዚህ ከተማ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1964 ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰች ማግስት ነው። የቴነሲ ተራራ ልጅ ናት፣ ከ12 ልጆች አራተኛዋ። ስትወለድ ድሃው አባቷ ለሐኪሙ የከፈለው የበቆሎ ዱቄት ነበር። በ1967 በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ገብታ ታወቀች። ከዓመታት በኋላ ራሷን ልትችል ብትፈልግ አልለቅሽም አላት። እሷም የስንብት ዘፈን ደርሳ ቢሮው ድረስ ሄዳ ዘፈነችለት። ሰውየው አለቀሰ፤ ለቀቃትም። «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ይኸው ነው። በ1974 ከካንትሪ ዘፈኖች አንደኛ ወጣ።

ከዚያ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ኤልቪስ እኮ ነው፣ አቡሽ! ቀረጻው ሲቃረብ ግን ማናጀሩ ኮሎኔል ቶም ፓርከር የዘፈኑን የአሳታሚነት መብት (ከዘፈኑ ገቢ ድርሻ የሚያስገኘውን) ግማሹን ካልሰጠሽ አይዘፍነውም አላት። እምቢ አለች። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ራሷ ተናግራለች። እኔ እሷን ብሆን መፈረሜ አይቀርም ነበር፤ ለዚህ ነው የማደንቃት።

በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ዘፈነችው። አሜሪካ ውስጥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ የደራሲነቱም የአሳታሚነቱም ገንዘብ ለዶሊ ገባ። ዘፈኑ ዛሬም የእሷ ነው። አባቷ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል በ1995 ለሕፃናት በየወሩ መጽሐፍ በነፃ በፖስታ የሚልክ ፕሮግራም አቋቋመች። የጎረቤቴ ልጅ መጽሐፉ ሲመጣለት በር ላይ ሆኖ ነው ፖስታውን የሚቀደው።

እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የደረስከው ግጥምና ዜማ የአንተ ነው። ሰውየው ዘፋኙን ያምጣ፣ ተከፍሎህ ይዘፈን፤ ስምህም ይጻፍበት። ለዘለቄታው ጠቅልለህ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ውሉን የሕግ ባለሙያ ያንብብልህ።

ብሩን የፈለግኸው ለአባባ ሕክምና መሆኑን እማማ ነግራኛለች። እሱን ለእኔ ተወው፤ ደመወዝ እንደተቀበልኩ እልካለሁ። አንተ የውሉን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ሳላየው እንዳትፈርም። ያቺን ስለ እማማ የደረስካትን ደግሞ ቀርጸህ ላክልኝ፣ እስካሁን አልሰማኋትም።

እማማንና አባባን ሳምልኝ።

እህትህ እታለም
ናሽቪል፣ ቴነሲ