የእንግሊዝ ገድላት የላቲን ቅጂ ብቻ አይደሉም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝኛ የተገጠሙ የቅዱሳን ገድላት ከላቲን የተቀዱ በመሆናቸው የአገር ማንነት አይታይባቸውም የሚለውን በመጽሔታችሁ የወጣ አስተያየት ልቀበለው አልቻልኩም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተሰባስቦ ከ60 በሚበልጡ የብራና ጽሑፎች የደረሰን የደቡብ እንግሊዝ የገድላት ስብስብ ከላቲን ብዙ ቢወስድም፣ የዉስተሩን ጳጳስ የቅዱስ ዉልፍስታንን ገድል ሲተርክ በ1066 የኖርማኖች ወረራ ላይ ቆም ብሎ አገሪቱ በባዕዳን እጅ መውደቋን በቁጭት ያነሣል፤ ይህ ስለ ጽድቅ ብቻ የሚያስብ ሰው አነጋገር አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የለንደን ጳጳስ ስለነበረው ስለ ቅዱስ ኤርከንዋልድ የተገጠመው ግጥም ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል መሠረት ሲቆፈር ሥጋው ያልፈረሰ ሰው በመቃብር ውስጥ ይገኛል፤ ሬሳውም በጳጳሱ ትእዛዝ አፉን ከፍቶ፣ ለንደን በአፈ ታሪክ አዲሲቱ ትሮይ ትባል በነበረበት ዘመን ሳያዳላ የፈረደ አረማዊ ዳኛ እንደነበረ ይናገራል። የጳጳሱ እንባ ሲወርድበት እንደ ጥምቀት ተቆጥሮለት ነፍሱ ትድናለች፣ ሥጋውም ወዲያው ትቢያ ይሆናል። ገጣሚው አረማዊውን ዘመን ሳይክድ በቅዱሱ እንባ በኩል ከክርስቲያኒቱ ለንደን ጋር ያስታርቀዋል። መቃብሩ ላይ በወርቅ የተጻፉትን ፊደላት ግን፣ ሊቃውንቱ ቢሰበሰቡም፣ እስከ ግጥሙ መጨረሻ የሚያነባቸው አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ