ከኋላ የነበረው ሰው ምን እያደረገ ነበር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ከቢሮ ውጭ ስለሚሠሩ ሥራዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ስለ ሃይኪንግ አስጎብኚነት የምታወራው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ አመለጠኝ። ተራራ የሚወድና እግሩ የማይደክም ሰው ሥራውን በቀላሉ ያገኘዋል ትላለች። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ ከበር ነው የመለሱኝ።

ለአንድ የጉዞ ድርጅት አመልክቼ ነው። ሲቪዬ ላይ የወጣኋቸውን ተራሮች በሙሉ ደርድሬያለሁ፤ ከፍታቸው በሜትር፣ የፈጀብኝ ሰዓት፣ ምንም አልቀረም። ጫፍ ላይ እጄን ዘርግቼ የተነሳሁት ፎቶ ሳይቀር አለ። ጠያቂዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ተራራ ላይ ሰው ሲመሩ እንደኖሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አስቀመጡትና «መጨረሻ ሰው ይዘህ የወጣኸው መቼ ነው?» አሉኝ። ባለፈው ወር፣ ስምንት ጓደኞቼን ይዤ፣ አልኩ ኮራ ብዬ። «አንተ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከሁሉም ኋላ የነበረው ሰው ምን እያደረገ ነበር?»

ዝም አልኩ። ምን እያደረገ እንደነበረ ይቅርና ማን እንደነበረ እንኳ ትዝ አላለኝም። እንደውልልሃለን ተባልኩ። አልደወሉም። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አልደውልም።

ቡድን ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈጣኖቹ ቀድመው ይደርሱና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ዘገምተኛው እያለከለከ ብቅ ሲል «መጣ! በሉ እንሂድ» ብለው ብድግ ይላሉ። እና ዕረፍት የሚያስፈልገው አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል፣ ጉልበት የተረፋቸው ደግሞ አምስት ጊዜ አርፈዋል። ይህን የማያይ ሰው መንገድ ያውቅ ይሆናል፣ መንገዱንማ ስልኩም ያውቀዋል።

አሁን ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የትኛው የምስክር ወረቀት እንደሚያዋጣ ነው። እኔ ከመጀመሪያ እርዳታ ጀምሩ እላለሁ፤ ግን የከተማውን ዓይነት አይደለም። የከተማው ሥልጠና አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያስተምረው። ተራራ ላይ አምቡላንስ የሚባል ነገር የለም፤ እርዳታ እስኪደርስ ሰዓታት፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ከታመመው ሰው ጋር ትቆያለህ። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ኮርስ አለ። አጭሩ 16 ሰዓት ገደማ ነው፣ ረጅሙ ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ ቀጣሪዎች የሚፈልጉት ረጅሙን ነው፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱም ማደስ አለ።

ከዚያ ፈቃድ። ይሄ እንደየአገሩ ስለሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ለምሳሌ ፈረንሳይ ውስጥ የመንግሥት ዲፕሎማ ሳይኖርህ ገንዘብ ተቀብለህ ሰው ተራራ ላይ መምራት ሕገወጥ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ማንም የሚጠይቅህ የለም። ሰው የሚደናገርበት ሌላው ነገር፣ በገመድ በረዶና ገደል የሚያስወጣው የተራራ ጋይድና በእግር መንገድ የሚመራው ሰው ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ነው። ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውም ለየብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ አላቸው፣ ሁለተኛዎቹ በ2004። ሃይኪንግ መምራት ለሚፈልግ ሰው የገመዱ ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ መጨረስ ነው።

መዝገብ ያዙ። ይህችን ሁሉም ሰው ይንቃታል። በብሪታንያ የተራራ መሪነት ሥልጠና ለመግባት ቢያንስ 20 የተራራ ቀን፣ ለመጨረሻው ምዘና ደግሞ 40 ቀን በመዝገብ ማሳየት አለብህ። ሌላ አገር ባይጠየቅም ጻፉ። የት ሄድክ፣ ስንት ሰው ነበር፣ አየሩ እንዴት ነበር፣ ምን ተበላሸ። በተለይ ጫፍ ሳትደርሱ የተመለሳችሁባቸውን ቀኖች እንዳትደብቁ። እኔ ሁለተኛው ኢንተርቪው ላይ በጣም የተጠየቅኩት ስለ አንዲት የተመለስኩባት ቀን ነው። ደመናው ሲወርድ ስንት ሰዓት ላይ ወሰንክ፣ ለሰዎቹ ምን አልካቸው፣ ተቆጡ ወይ። አዎ፣ ተቆጥተዋል።

እዚያው ካርታ ሰጥተው ይህን መንገድ ከአሥር ሰው ጋር በስንት ሰዓት ትጨርሰዋለህ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1892 ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ያወጣት አሮጌ ስሌት አለች፤ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትርና 600 ሜትር ዳገት ከሆነ 3 ሰዓት ማለት ነው። ግን ያቺ ስሌት ዕረፍት አታውቅም፣ ሽንት አታውቅም፣ ጫማው የጠበበውን ሰውዬ አታውቅም። 3 ሰዓት ብዬ ዝም ብል ኖሮ ያን ቀንም እመለስ ነበር። 5 አልኩ። ለምን ሲሉኝ ከኋላ ስላለው ሰው አወራሁላቸው። (ኩረጃ ነው፣ አውቃለሁ።)

ማስታወቂያ እየጠበቃችሁ ከሆነ ግን ትቆያላችሁ። ሥራው የወቅት ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ስትጠይቅ ሰው ሞልቷል፣ ስለዚህ ከወራት በፊት ነው መጠየቅ። የወጣቶች ካምፕ፣ ድንኳንና ዕቃ የሚያከራዩ ቤቶች፣ ረዳትነት፣ ዕቃ ማጠብ፣ የትም ግቡ። አንዱ አስጎብኚ ሲታመም ሌላው የሚደውለው ለሚያውቀው ሰው ነው።

አሁን ወደ ብሶቴ። «ልምድ ታገኛለህ» እየተባለ በነጻ ማሠራት አለ። አንድ ቀን ከኋላ ተከትዬ ልይ ካልክ እሺ፣ ትምህርት ነው። ግን ስድስት ሰው ሰጥተውህ «አንተ ነህ የምታወርዳቸው» ካሉህ ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። እኔን ሙሉ ወቅት እንዲህ አሠርተውኛል፤ ቁርጭምጭሚቴ ሲዞርም ያሳከምኩት ራሴ ነኝ። ኢንሹራንስ አለኝ ወይ ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1820 ሞን ብላን በተባለው የአልፕስ ተራራ ላይ ሦስት አስጎብኚዎች በበረዶ ናዳ ሞቱ፤ ከተራራው ሥር ያለችው የሻሞኒ ከተማ አስጎብኚዎች በዓመቱ ማኅበር ሲያቋቁሙ ለተጎዳ የሚሆን የመረዳጃ ገንዘብም አብረው አደራጁ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ልጆች ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ይፈርማሉ፣ የሚፈርሙት ነገር ካለ።

በመጨረሻ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ቦታዬ ከሁሉም ኋላ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሲያወልቅ ደረስኩበት። ተረከዙ ውሃ ቋጥሯል፣ ፈንድቶም ካልሲው ላይ ተጣብቋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲያመው ነበር፣ ሌሎቹን እንዳላስቆም ብዬ ነው አለኝ። ከተነሳን በግማሽ ሰዓት «ጫማ የሚቆረቁረው አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር በአንዲት ፕላስተር ያልቅ ነበር። አጥቤ አሰርኩለት። ከፊት ያሉት ተነስተው ሊሄዱ ሲሉ አሥር ደቂቃ እንድንቆይ በሬዲዮ ጠየቅኩ።

ያቺን አንቀጽ ብታስተካክሏት ጥሩ ነው። በሚቀጥለው ደግሞ ስለ ክፍያው ብትጽፉ፣ ሰምቼ የማልጨርሰው ታሪክ ያላቸው ልጆች አሉ፤ ጠይቋቸው።

ከኋላ የሚሄድ አንድ አስጎብኚ